አጥንት ወይስ ልምድ? በትውልድ ስለሚታደል ችሎታ ታሪካዊ ምልከታ

(ሳሪስ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእስ ሁለት ዓይነት አድማጭ ሳያስገርም እንዳልቀረ እገምታለሁ። ታሪክ ለመስማት የመጣችሁ «የጠረጴዛ ጨዋታ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» ትላላችሁ። ጨዋታውን የምታውቁ ወጣቶች ደግሞ «ሸማኔና ቀጥቃጭ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ሳትሉ አትቀሩም። ሁለቱን ያገናኘልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ የሰው ችሎታ የሚጻፈው በአጥንቱ ነው ወይስ ባለፈበት ልምድ? የጨዋታው ደራስያን በዚህ ጥያቄ ላይ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ተከራክረዋል። እኛ ዘንድ ጥያቄው ጨዋታ አልነበረም፤ ርስት የሚያሳጣ፣ ጋብቻ የሚከለክል ጉዳይ ነበር።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ የተረቱን ሰዎች ይወክላሉ፣ ዕድሉን ዳይስ ይወስናል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት ችሎታዎች በቁጥር ይሰፈሩለታል፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ። ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን ዘር ይመርጣል። ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም በተራራ ሥር ማዕድን የሚቆፍር ድንክ፣ ወይም ዕድሜው እጅግ የረዘመ የጫካ ኤልፍ፣ ወይም ከፊል ወገኑ ኦርክ ከሚባል አስፈሪ ተዋጊ የተወለደ።

የመጀመሪያው እትም በዘር ምክንያት ነጥብ አይጨምርም፤ ጣሪያ ግን ያበጃል። ድንክ ተዋጊ ብቻ መሆን ይችላል፣ እሱም ከስድስተኛው ደረጃ አያልፍም። ሰው ግን ወሰን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ የነጥቡን ሒሳብ አመጣ። ድንክ በጽናት አንድ ይጨመርለታል፣ በግርማ አንድ ይቀነስበታል። ግማሽ ኦርክ በጉልበትና በጽናት አንድ አንድ ያገኛል፣ በግርማ ሁለት ያጣል። ይኸው መጽሐፍ ለሴት ገጸ ባሕርያት የጉልበት ጣሪያ ዝቅ አድርጎ እንደነበርም ሳላነሣ አላልፍም። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም የደረጃውን ጣሪያ አነሣ፤ ሒሳቡን ግን አላነሣም። በዚያ እትም ግማሽ ኦርክ በጉልበት ሁለት ይጨመርለትና ከዕውቀትም ከግርማም ሁለት ሁለት ይቀነስበታል። ልብ በሉ፤ መደመሩና መቀነሱ አብረው ነው የሚወለዱት። ክንዱ የበረታ አእምሮው ይደክማል የሚል አስተሳሰብ ነው ቁጥር ለብሶ የቀረበው።

ክርክሩ የከረረው በ2020 ነው። አሳታሚው ድርጅት የኦርክን የዕውቀት ቅነሳ ሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ባወጣው መጽሐፍም ማንኛውም ተጫዋች የዘሩን ጭማሪ ነጥብ ወደፈለገው ችሎታ እንዲያዛውር ፈቀደ። በ2024ቱ መመሪያ ደግሞ ነጥቡ ከዘር ጨርሶ ወጥቶ ገጸ ባሕርዩ ቀድሞ ወደኖረበት ሕይወት ተዛወረ። የእጅ ባለሙያ የነበረ ነጥቡን በጉልበት፣ በቅልጥፍናና በዕውቀት መካከል ያከፋፍላል። ገበሬ የነበረ ደግሞ በጉልበት፣ በጽናትና በማስተዋል መካከል። (ለሁለቱም ግርማ አልተፈቀደላቸውም። ይህን ሳነብ የአገሬ የድሮ መኳንንት የረቂቁ አማካሪ ሆነው እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ።)

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው «ጠይብ» ይባል ነበር። ቃሉ ከግእዙ «ጠቢብ» የመጣ ነው። ጥበበኛን የሚያመለክተው ስም ስድብ እስኪሆን ድረስ የወረደበት መንገድ ብቻውን አንድ ምሽት ይፈልጋል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ የለውም፣ ማጭድ የለውም፣ ጦር የለውም። ነገር ግን በወናፉ እሳት ብረት የሚያለዝበው ሰው በዓይኑ ሰው እንደሚበላ፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ እንደሚወጣ ይታመን ነበር። ቡዳ ነው ይባላል። እነሆ ሒሳቡ፦ በእጅ ተደምሮ በዓይን ተቀነሰ። ሁለቱም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ተደርገው ስለተቆጠሩ፣ የቀጥቃጭ ልጅ መዶሻ ሳይነካም ቡዳ ነበር።

በጨርቅ ሥራ የነበረው ልማድ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ጥጥ መፍተል ነውር አልነበረም። ባዘቶውን አዘጋጅታ እንዝርት የምታሾረው ሴት ከገበሬ ሚስት እስከ ትልቅ ወይዘሮ ትደርሳለች፤ ፈትል ማሳመር የጨዋ ልጅ ሙያ ነበር። ያው ክር ከወይዘሮዋ እጅ ወጥቶ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ወደተቀመጠው ሸማኔ ሲሻገር ግን ሥራው ይዋረዳል። የተሸመነው ጥበብ ተመልሶ ወይዘሮዋ ትከሻ ላይ ሲወጣ ክብሩ ይመለሳል። ክሩ ያው ክር ነው። ነውሩ የገባው ከድርና ከማጉ አይደለም።

ከየት ገባ? አንዱ መልስ መሬት ነው። የቤተ እስራኤልን ታሪክ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ፣ ክርስትናን ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንደወሰኑ ትውፊቱ ይነግረናል። ርስት ያጣ ሰው ወይ ጭሰኛ ይሆናል ወይ መሬት የማይጠይቅ ሥራ ይይዛል። ብረት፣ ሸክላና ሽመና መሬት አይጠይቁም። ስለዚህ ጥበቡ መሬት ካጣበት ዘመን ጋር የተያያዘ እንጂ በደም የወረደ አልነበረም። በጎንደር ዘመን ነገሥታቱ ግንብ ማሠራት በፈለጉ ጊዜ የእነዚሁ ሰዎች ግንበኞችና አናጢዎች ተፈለጉ፤ ከመካከላቸውም ማዕርግና መሬት ያገኙ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ሲቸግረው ደንቡን ማላላት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ወደ ደቡብ ይወስደናል። በጋሞ ደጋ፣ በተለይ በዶርዜ፣ ሽመና የተከበረ የወንድ ሥራ ነው። በዚያው በጋሞ ምድር ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» እና ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ» ነበሩ። በኮንሶ ግን ሸማኔው ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪው ጋር ከገበሬው ተለይቶ በአንድ ወገን ይመደባል። እንግዲህ አንድ ዓይነት እጅ፣ አንድ ዓይነት መወርወሪያ እየወረወረ፣ ዶርዜ ላይ ሲከበር ጎንደር ላይ ይሰደባል። የዶርዜ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ገብተው ሽሮ ሜዳ ሲሰፍሩ ይህን ልዩነት በራሳቸው ላይ አይተውታል። አገሩ ላይ ጨዋ የነበረ ሰው መንገድ ተሻግሮ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆነ። ነጥቡ በአጥንት ውስጥ ቢሆን ኖሮ አብሮት ይጓዝ ነበር።

እዚህ ላይ ለቋሚው ደንብ የሚከራከሩትን ተጫዋቾች በአግባቡ ልስማቸው። ድንክና ኤልፍ በቁጥር እኩል ከሆኑ ልዩነታቸው የጆሮ ቅርጽ ብቻ ሆነ ይላሉ፤ ዓለሙ ጣዕም አጣ ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በእኛም ታሪክ የሸማኔ ልጅ በእርግጥ ከገበሬ ልጅ የተሻለ ይሸምን ነበር። ይህን መካድ ሙያውን መናቅ ይሆናል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ማግ እያቀበለ፣ ድር ሲበጠስ እየቀጠለ፣ የእግሩን ምት ከእጁ ውርወራ ጋር እያስማማ ያደገ ልጅ ነው። ቁጥሩ እውነት ነበር። ሐሰት የነበረው ለቁጥሩ የተሰጠው ምክንያት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የ2020ው ደንብም አያረካኝም። ነጥቡን ወደፈለግህበት ውሰድ ሲል ጉድጓዱንም አባቱንም ዓመታቱንም ከታሪኩ ያወጣቸዋል። ለታሪክ ሰው የ2024ቱ መመሪያ ይቀርበዋል፤ ችሎታን ከኖሩት ሕይወት ጋር አያይዟልና። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ተጫዋቹ ገበሬ ወይም የእጅ ባለሙያ መሆንን ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ይመርጣል። የቀጥቃጭ ልጅ ገበሬ መሆንን የሚመርጥበት ገጽ አልነበረውም። ርስት የለውማ!

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ መነበብ ያለበት በዚህ አንጻር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ጸሐፊውንም ሳይቀር በሥራው የሚሰድቡትን ገሠጹ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መምጣቱን አስታወሱ፤ ሠራተኛን መስደብ እሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር፣ የተሳደበም አንድ ዓመት እንደሚታሰር ደነገጉ። ለዘመኑ ደፋር ቃል ነው። አገሩ መሣሪያ፣ ድልድይ፣ ባቡር በሚፈልግበት ሰዓት እጀ ብልሆቹን እየሰደበ ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ገብቷቸዋል። ይሁንና አዋጁ የቀጣው ስድብን ነው። መሬቱን አልነካም። ምላስ ሲታሰር ሒሳቡ በልብ ቀረ።

መሬቱን የነካው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት የመጠቀም መብት አገኘ። ደርግ በሌላው ሁሉ የሚወቀስበት አያንስም፤ በዚህ አዋጅ ግን ለቀጥቃጩ ልጅ ያ የጎደለው ገጽ በሕግ ተጻፈለት። በየቀበሌው እንዴት ተፈጸመ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከተማ ውስጥ ለውጡን ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ከሳሪስ የተሻለ ቦታ የለም። አደይ አበባ ስትሉ ሰፈሩን ታስባላችሁ፤ ስሙ ግን የጥጥ ፋብሪካው ነው። ከዚህ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ደግሞ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። በእነዚህ ፋብሪካዎች ደጃፍ የተቀጠረ ሰው በሦስት ፈረቃ የሚዞር መኪና መምራትን እንደ ማንኛውም ሥራ ተማረ። አባቱ ሸማኔ ይሁን፣ ገበሬ ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ መኪናው አይለይም። የወንድ ብቻ የነበረው ሽመና ፊት ሴት ቆመች። ከሁሉ በላይ ስሙ ተለወጠ። ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው «ሸማኔ» ነው፤ መኪናው አጠገብ የቆመው «ኦፕሬተር» ወይም «የፋብሪካ ሠራተኛ» ነው። ሁለቱም ድርና ማግ ያገናኛሉ። አንደኛው ስድቡን ወረሰ፣ ሌላኛው የወር ደመወዝና ካርኒ ይዞ ወጣ። አዋጅ በ1900 ያልቻለውን የፋብሪካ ሰዓት መቆጣጠሪያ በከፊል ቻለው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በከፊል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቋሚው ደንብ ከሥራ ቦታ ሲወጣ ሌላ ማደሪያ አላጣም፤ ጋብቻ ውስጥ ገባ። ሰባት ቤት መቁጠር ለዝምድና ጥንቃቄ የተሠራ ልማድ ነው። ነገር ግን የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች በቆጠራው መሐል የሚያዳምጡት ሌላም ነገር አለ፦ አጥንቱ የጠራ ነው? ከአያቶቹ እገሌ እጁ ምን ይሠራ ነበር? ጥያቄው በቀጥታ አይጠየቅም፤ «አገራቸው የት ነው?» ተብሎ ይጀመራል። በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ መኪና ላይ፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ ሲሠሩ የኖሩ ሁለት ሠራተኞች ልጆቻቸውን ለመዳር ሲቀመጡም ይኸው ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የጽሑፍ ማስረጃ የማይተውና በዝምታ የሚመለስ ጥያቄ ስለሆነ፣ የታሪክ ተማሪዎቻችን ከመዝገብ ቤት ይልቅ በየእድሩና በየሠርጉ ቤት ሊፈልጉት ይገባል። ከመካከላችሁ ወላጆቻችሁ በእነዚህ ፋብሪካዎች የሠሩ ካላችሁ፣ የጥያቄውን ሰዓት በእናንተ ብጀምረው ደስ ይለኛል።