የዑመር ኢብን ሰዒድን ታሪክ ማን ጻፈው?

የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ሲነሣ ለአብዛኞቻችን የሚታወሰን የጥጥ እርሻና ጅራፍ ነው። በሰንሰለት ታስረው ውቅያኖስ ከተሻገሩት መካከል ቁርኣን የቀሩ፣ ኪታብ ያገላበጡ ሙስሊሞች እንደነበሩ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዑመር ኢብን ሰዒድ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ዛሬ ሴኔጋል በምንላት አገር ፉታ ቶሮ ተወለዱ። 25 ዓመት ዒልም ሲቀስሙ መቆየታቸውን ራሳቸው ጽፈዋል። በ1807 ወራሪ ጦር ብዙ ሰው ፈጅቶ እርሳቸውን ማረከ፤ ቻርልስተን ወደብ ላይም ተሸጡ። ከጨካኝ ጌታቸው አምልጠው ሰሜን ካሮላይና ሲደርሱ ፌየትቪል ከተማ ውስጥ ተይዘው ታሰሩ። በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ዐረብኛ ሲጽፉ፣ የከተማው ሰው ጉድ ብሎ ሊያያቸው መጣ ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ጥቁር አእምሮ የለውም» እየተባለ ሰው በሚሸጥበት አገር የሚጽፍ ጥቁር መገኘቱ ጭንቅ ነው። ዘዴ ግን አላጡም፤ «ይህ የዐረብ ልዑል እንጂ ጥቁር አይደለም» ያሉ ነበሩ። ጋዜጦቹም ጌታውን የሚወድ፣ ነፃነት የማያምረው ክርስቲያን አድርገው ሳሏቸው። በ1821 ገደማ መጠመቃቸው ተመዝግቧል። ሆኖም በ1831 የሕይወት ታሪካቸውን በዐረብኛ ሲጽፉ የጀመሩት ንግሥና ሁሉ በአላህ እጅ መሆኑን በምትናገረው በሱረቱል ሙልክ ነው። በሰው እጅ ያለ ሰው ይህችን ሱራ መምረጡ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የልባቸውን አላህ ያውቃል። የ1865ቱን የባርነት መሻር ሳያዩ ሞቱ።

በዚያችው ፌየትቪል በ1973 ጆርጅ ፍሎይድ ተወለደ። በ2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንዲት የሐሰት 20 ዶላር ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ ፖሊሱ ከ9 ደቂቃ በላይ አንገቱ ላይ ተንበርክኮ ገደለው። በዚያው ሰሞን የፌየትቪል ሰልፈኞች መሐል ከተማ ያለውን «ማርኬት ሃውስ» እሳት ለኮሱበት። በ1832 የተሠራ፣ ባሮች የተሸጡበት ሕንፃ ነው፤ ከተማዋ ግን ለረጅም ዘመን ማኅተሟ ላይ አኑራው ኖራለች። ማቃጠሉን አልደግፍም። ነገር ግን የቅድመ አያቶቹ መሸጫ የከተማ ጌጥ ሆኖ እያየ ያደገ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

እኛስ? ልጆቻችንን ቢላል ብለን እንሰይማለን፤ የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻ ነበሩ እያልን እንኮራለን። የእርሳቸውን ቀለም የያዘውን ጎረቤት «ባርያ» የሚል አፍ ግን ከቤታችን አልጠፋም። የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣም ሶላቱን ትቶ አፍንጫውን የሚያይ ሽማግሌ አለ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ የጃሂሊያ ጠባይ መሆኑን ነግረው እንደገሠጿቸው በሐዲስ ሰምተናል፤ ሰምተንም አልፈናል።

የሼኽ ዑመርን የእጅ ጽሑፍ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2017 ገዝቶ፣ በ2019 ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት ከፍቶታል። መድረሳ የሚሄዱ ልጆች ካሏችሁ አሳዩአቸው። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሲያዩ ያውቋቸዋል፤ ማታ ማታ የሚቀሯት ሱራ ናትና።