የኤልኢዲ ገዳቢ ሬዚስተር

ገዳቢ ሬዚስተር ከኤልኢዲ (ብርሃን ሰጪ ዳዮድ) ጋር በተከታታይ ተያይዞ የሚያልፈውን ከረንት የሚወስን፣ በዚያውም የብርሃኑን ድምቀት የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። ኤልኢዲ ያለ እሱ ከባትሪ ጋር ሲገናኝ፣ ቮልቴጁ ከሚፈልገው በጥቂቱ እንኳ ቢበልጥ ከረንቱ በፍጥነት አሻቅቦ ሊያቃጥለው ይችላል።

አመራረጥ፦ ሲበራ ኤልኢዲው ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ እንደ ቀለሙ ይለያያል፤ ለቀይ 2፣ ለሰማያዊና ለነጭ 3 ቮልት ገደማ ነው። ይህ ከምንጩ ቮልቴጅ ላይ ተቀንሶ ቀሪው በሚፈለገው ከረንት (በአምፒር) ሲካፈል የሬዚስተሩ መጠን በኦም ይገኛል። ስሌቱ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። በ5 ቮልት በሚሠራው አርዱዊኖ ኡኖ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ቀይ ኤልኢዲ ሲገጠም 3 ቮልት ይተርፋል፤ ቀይ፣ ቀይና ቡናማ ቀለበት ያለው ባለ 220 ኦም ሬዚስተር 14 ሚሊአምፒር ያህል፣ ባለ 1 ኪሎኦም ደግሞ 3 ሚሊአምፒር ያሳልፋል። የተለመደው ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊአምፒር ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ለቀይ ኤልኢዲ በ20 ሚሊአምፒር ስሌቱ 350 ኦም ሲሰጥ፣ ገበያ ላይ የሚገኘው ቀጣዩ ከፍ ያለ መጠን፣ ለምሳሌ 390 ኦም፣ ይመረጣል። ሬዚስተሩ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 0.13 ዋት ገደማ በመሆኑ የሩብ ዋት ሬዚስተር ይበቃል።

ድምቀት፦ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ ለዓይን ብርሃኑ በግማሽ የደበዘዘ አይመስልም፤ ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ሬዚስተሩ ብዙ እጥፍ መጨመር አለበት። ኤልኢዲዎች ጎን ለጎን በትይዩ ሲያያዙ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሬዚስተር ይገጠማል፤ አለበለዚያ አንዱ ከሌላው በልጦ ከረንቱን ይስባል።