ኦዞን ሊለካ ወጥቶ ጭስ ያየው መሣሪያ

እስቲ አስቡት፤ በሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጣችሁ አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ቢጠፉስ? እ.ኤ.አ. ሰኔ 1982 በኢንዶኔዥያ ሰማይ ላይ በአንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 የደረሰው ይኸው ነው። ከጋሉንጉንግ እሳተ ገሞራ የወጣው አመድ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ ቀለጠና አፈናቸው። የአውሮፕላን ራዳር ደመናን የሚለየው በያዘው ውሃ ነው፤ ደረቅ አመድ አይታየውም። ደግነቱ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ ተነሡ፤ ሁሉም ተረፉ። ጥያቄው ግን ቀረ፦ ራዳር የማያየውን ማን ይየው?

መልሱ ያኔውኑ ከላይ እየዞረ ነበር። ናሳ በ1978 ባመጠቀው ኒምበስ 7 ሳተላይት ላይ ቶምስ የሚባል መሣሪያ ነበር። ሥራው ከምድር የሚመለሰውን አልትራቫዮሌት ብርሃን እያየ ኦዞን መለካት ነው። በዚያው በ1982 ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን ሲፈነዳ ግን መሣሪያው ከልክ ያለፈ ኦዞን አሳየ። «ስህተት ነው» ብሎ መተው ቀላል ነበር። የናሳው አርሊን ክሩገር ግን ነገሩን መረመረ። ኦዞን የመሰለው፣ እሳተ ገሞራው የተፋው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሆኖ ተገኘ!

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ንጹህ አየር አልትራቫዮሌትን ይበትናል፤ ጭስና የበረሃ አቧራ ግን ይውጡታል። ስለዚህ ከተጠበቀው ያነሰ ብርሃን ከተመለሰ፣ እዚያ ጭስ ወይም አቧራ ሊኖር ይችላል። በ1990ዎቹ ሳይንቲስቶች የቶምስን የድሮ መረጃ በዚህ ዘዴ እንደገና ሲያዩት፣ የዓመታት ጭስና አቧራ በካርታ ላይ ወጣ። በእነዚያው ዓመታት የአመድ ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ ዘጠኝ ማዕከላት በዓለም ዙሪያ ተቋቋሙ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ሳተላይቶች አመዱን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ሲያልፍ ተከታተሉት፤ በማግስቱ ሌሊት ዴልሂ ሰማይ ደረሰ። ማስጠንቀቂያው ስለቀደመ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ መስመርም ቀየሩ። የአፍዴራ አርብቶ አደሮች ግን ሳተላይት አላስፈለጋቸውም፤ አመዱ ግጦሻቸው ላይ ነበር።

እናንተም ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጥሩ አልገጥም ሲላችሁ፣ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ይሄ ምን ይሆን?» በሉ።