ወባና የሐርጌሳ ውሃ

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ዝናብ የሚያጥራት ከተማ ናት። ወንዟም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ወባ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

መልሱ የሚገኘው ከዚያው ከውሃ እጥረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ አገሩ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሳለ፣ አርብቶ አደሩ «በርከድ» የሚባለውን በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት ጀመረ። በርከዱ ከብቱን ከጥም አዳነ። ነገር ግን ዝናብ ሲያባራ ትመናመን ለነበረችው የወባ ትንኝም የበጋ መሸሸጊያ ሆናት።

በዚያው ዘመን፣ በ1955፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወባን የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። ዋናው መሣሪያ ዲ.ዲ.ቲ. ነበር። አገራችንም በ1958ቱ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተባት ይገመታል፤ በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። (በዕድሜ የገፉ መምህራን ረጪዎቹን ያስታውሷቸው ይሆናል።)

ዘመቻው የተሰናከለው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በ1963 የቀሯት በሽተኞች 17 ብቻ ነበሩ። ርጭቱ ቆመ። በ1968 እና በ1969 በሽተኛው በመቶ ሺዎች ተቆጠረ። በሽታው ሲመነምን ሕዝቡ የመቋቋም ኃይሉን ያጣል፤ በጀቱ ወደ ሌላ ይዞራል፤ ሐኪሙም ትኩሳት ሲያይ ወባን አይጠረጥርም።

የሐርጌሳ ጎረቤት ጂቡቲም በ2012 የመዘገበችው 27 በሽተኛ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ ተገኘችባት። በ2020 በሽተኛው ከ73,000 አለፈ። ትንኟ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች፤ በ2019 በሶማሌላንድ መኖሯ ታወቀ፤ በ2022 ደግሞ በድሬዳዋ በበጋ ወራት ወረርሽኝ አስነሣች። የቀድሞዎቹ ትንኞች ዝናብንና ገጠርን ሲጠብቁ ይህች ከተማን ትመርጣለች፤ በርሜል፣ ታንከርና የግንባታ ውሃ ይበቃታል። ከሐውድ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው አርብቶ አደርም ድንበር አያግደውም፤ በደሙ ያለው ተውሳክም አብሮት ይሻገራል።

እንግዲህ በርሜሉ ይደፋ ቢባል፣ በቦቴ ወይም በአህያ ጋሪ የመጣ ውሃ ገዝታ ያጠራቀመች የሐርጌሳ እመቤት እሺ አትልም፤ እኔም አልፈርድባትም። የሚቀረው በርሜሉን አጥብቆ መክደንና በየሳምንቱ ውስጡን ፈግፍጎ ማጠብ ነው፤ እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር በሙቀት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋልና።