አዲስ አብራሪና የአካባቢ አየር መንገድ ምርጫ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 መንግሥት የአየር ጉዞን ዋጋና መስመር መወሰኑን የሚያስቀር ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ትላልቆቹ ኩባንያዎች የትናንሽ ከተሞችን በረራ ደረጃ በደረጃ ለአካባቢ አየር መንገዶች ለቀቁ። እነዚህም ደመወዛቸው ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ጀማሪው አብራሪ የበረራ ሰዓት አጠራቅሞ ወደ ትልቁ ኩባንያ የሚሸጋገርባቸው መሰላሎች ሆኑ። በመሆኑም ቶሎ የሚቀጥረውንና ቶሎ ለካፒቴንነት የሚያበቃውን ማስቀደሙ የሚያስገርም አልነበረም።

በ2009 ግን ከእነዚሁ የአንዱ አውሮፕላን በባፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። የምርመራው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ የፍጥነት ማነስ ማስጠንቀቂያ በተሰማ ጊዜ ካፒቴኑ የወሰደው እርምጃ የተሳሳተ ነበር። በዚሁ መነሻ በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖረው ተደነገገ፤ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመት የበረራ ትምህርት ለፈጸመ ግን 1,000 ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ የሞቱት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በርረው ነበር። ስለሆነም ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመዝነው የሚገባው ኩባንያው እንዴት እንደሚያሠለጥን፣ ስሕተትን እንዴት እንደሚያርምና ለሠራተኛው ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ነው። ጉዳዩ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎችም ባዕድ አይደለም፤ ተማሪ በትምህርት ላይ የቆየበት ዘመን ብቻውን የችሎታው ምስክር ሊሆን አይችልምና።