ጦማር እንደ ገበያ ማፈላለጊያ፦ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ላሉ ነጋዴዎችና አርሶ አደሮች

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላል የሀገራችን ብሂል። ሸቀጡን ወይም አገልግሎቱን በወጉ ገልጦ ያላሳየ ሰው ዋጋውን ሌላ ይተምንለታል። በደባርቅ፣ በዳባትና በዙሪያቸው ያሉ አስጎብኚዎች፣ በቅሎ አከራዮች፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና አርሶ አደሮች ሥራቸውን በራሳቸው ቃል ለሩቅ ደንበኛ ከሚያስረዱባቸው መንገዶች አንዱ ጦማር ነው።

ጦማር ምንድን ነው?

ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ብሎግ ለሚባለው የኢንተርኔት ገጽ መጠሪያ ሆኗል። ባለቤቱ በየጊዜው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ያወጣበታል፤ እያንዳንዱ ጽሑፍም የራሱ ቀንና አድራሻ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ብሎገር እና በ2003 የተጀመረው ዎርድፕረስ በነጻ ጦማር ለመክፈት ያስችላሉ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የወጣ ማስታወቂያ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌሎች መልእክቶች ይዋጣል። በጦማር የተጻፈ ግን ከዓመት በኋላም ጥያቄውን በጉግል ለሚፈልግ ሰው ሊገኝ ይችላል። ገጹ የሚቀመጠው በሌላ ሀገር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ በመሆኑ፣ ደባርቅ ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ ሌላ ቦታ ያለ አንባቢ ማንበቡን ይቀጥላል።

የስሜን ተራሮች ምሳሌ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ወጥቷል። የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም ጦርነትና የጸጥታ ችግር ጎብኚውን አሳስተውታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገደኛው ከውብ ፎቶግራፍ ይልቅ የታመነ መረጃን ይሻል።

ጎብኚው ደባርቅ ከመድረሱ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ዛሬ እንዴት ነው? ከሳንቃበር በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ ስንት ቀን ይፈጃል? ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ዳሽን ለመውጣት ምን ዝግጅት ያስፈልጋል? አንድ በቅሎ ምን ያህል ጓዝ ትጭናለች? ዋልያና ጭላዳ በየትኛው ሰዓትና ቦታ ይታያሉ? እነዚህን በየቀኑ በቃል የሚመልስ አስጎብኚ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ቢያኖር፣ ጽሑፉ እርሱ በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ ይመልስለታል።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኘው ሪቨር ፑልስ የተባለ የመዋኛ ገንዳ ሠሪ ድርጅት ያደረገው ይህንኑ ነበር። በ2008 የተከሰተው የገንዘብ ቀውስ ለኪሳራ ሲያቀርበው፣ ባለቤቶቹ ደንበኞች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በጦማር መመለስ ጀመሩ። ተፎካካሪዎቻቸው የሚሸሽጉትን ዋጋና የምርታቸውን ጉድለት ሳይቀር ጻፉ። ድርጅቱን ያዳነው ይህ ግልጽነት ያመጣለት ደንበኛ ነው።

ለአርሶ አደሩስ?

ነጭ ሽንኩርት፣ ገብስ ወይም ድንች በየሳምንቱ ገበያ ለሚሸጥ አንድ አርሶ አደር ስልክ ይበቃዋል፤ ጦማር ድካሙን ላይመልስለት ይችላል። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የጎንደር፣ የባሕር ዳር ወይም የአዲስ አበባ ጅምላ ገዥ የምርቱን ዓይነት፣ የሚደርስበትን ወር፣ በኩንታል የሚቀርበውን መጠን፣ አያያዙንና መጫኛ ቦታውን በአንድ ገጽ ካገኘ፣ በደላላ ብቻ ከመመራት ይልቅ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሊደውል ይችላል።

እንዴት ይጀመራል?

• የጂሜይል አድራሻ በመክፈት በብሎገር መመዝገብ፤ ለዚህ ስልክ ብቻ በቂ ነው።
• ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸውን አሥር ጥያቄዎች መዝግቦ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጽሑፍ ማዘጋጀት።
• ርእሱን ደንበኛው በሚጠይቅበት ቃል ማድረግ። ለሀገር ውስጥ ገዥ በአማርኛ፣ ለውጭ ጎብኚ በእንግሊዝኛ መጻፍ፤ ቋንቋው ለሚከብደው የአካባቢው መምህር ወይም ተማሪ ሊያግዘው ይችላል።
• የራስን ፎቶግራፍ መጠቀም፤ ሰው የሚታይበት ከሆነ ፈቃዱን፣ ሕፃን ከሆነ የወላጁን ፈቃድ መጠየቅ።
• ዋጋ ሲጠቀስ ቀኑን መጻፍ፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ምርት ሲያልቅ ወዲያው ማረም።
• የእያንዳንዱን ጽሑፍ አድራሻ በቴሌግራምና በፌስቡክ ማጋራት።

ጥንቃቄ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር እውነተኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ዋልያን በእርግጠኝነት አሳያለሁ ብሎ መጻፍ፣ ወይም የሌላ ሰውን እርሻ ፎቶ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ከሕግም ከእምነትም ያጣላል። የመታወቂያ ቅጂና የባንክ የይለፍ ቃል በገጹ ላይ አይወጡም። በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አይነገርም።

ጦማር እንደ ገብስ ማሳ ነው፤ በተዘራ ማግስት አይታጨድም። የመጀመሪያዎቹ ወራት አንባቢ ላይኖራቸው ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ በወር ሁለት ጽሑፍ ማውጣት በቂ ነው። ዋናው ነገር የተጻፈው እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ገጹን አንብቦ ደባርቅ የደረሰ እንግዳ የተነገረውን በዓይኑ ካየ፣ ቀጣዩን እንግዳ የሚያመጣው እርሱ ራሱ ነው።