በሸክላ ላይ የተጨመረ ጭብጨባ

ካኤታኖ ቬሎዞና ሺኮ ቡዋርኪ የተባሉት የብራዚል ዘፋኞች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር፥ በሳልቫዶር ከተማ በካስትሮ አልቪስ ቴያትር በሕዝብ ፊት አብረው የዘፈኑት በሸክላ ተቀርጾ ወጥቷል። ሁለቱ አስቀድሞ ተቃራኒዎች ይባሉ ነበር፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከአገሩ ዜማ ጋራ ያዋሐደ፥ ሌላው የሳምባን የቆየ ሥርዐት የጠበቀ ነው እየተባለ ደጋፊዎቻቸው ይከራከሩ ነበር። ነገር ግን በ1964 ሥልጣን የያዘው የጦር መኮንኖች መንግሥት በዲሴምበር 1968 ቁጥር 5 የተባለውን ድንጋጌ ካወጣ በኋላ፥ ካኤታኖ ታስሮ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ሺኮም ወደ ኢጣልያ ሄደ። ስለዚህ ከስደት መልስ በአንድ መድረክ መቆማቸው ብቻውን ትርጉም ነበረው።

ለታሪክ መርማሪ የሚያስቸግረው ግን ጭብጨባው ነው። «ባርባራ» የተባለው ዘፈን፥ ሺኮ ከሩይ ጌራ ጋራ ስለ ካላባር ለጻፈው ቴያትር የተዘጋጀ ነው። ካላባር ለሆላንዶች አድሮ በ1635 በፖርቱጋሎች የተገደለ ሰው ነው። ዘፈኑ የሁለት ሴቶችን ፍቅር ስለሚናገር፥ ሳንሱር የከለከለው ቃል በሸክላው ላይ በሕዝብ ጭብጨባ ተሸፈነ። አድማጩ በዚያ ስፍራ የሕዝቡን ደስታ የሰማ ይመስለዋል፤ የሚሰማው ግን የመርማሪዎች ሥራ ነው።

የድምፅ ቅጂ ከጽሑፍ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው የሚሉ ባልደረቦቻችን ጥቂት አይደሉም። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ደግነቱ፥ ይህን ጭብጨባ በጥንቃቄ ያደመጠ ሰው ሊለየው ይችላል።